የኋለኛው ሰው ዓይን

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ዛሬም ትልቁን መስታወት ብቻዬን ማንሳት አቃተኝ። ደረቴ ጋ ሲደርስ ግራ ትከሻዬ ከዳኝ። የሱቁ ባለቤት ከዳር ሆኖ ሲያየኝ ቆየና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ያን ሳይክል ሸጠህ ፍየል ግዛበት" አለኝ። ሳቅኩለት። ቤት ስገባ ግን አላሳቀኝም።

እሑድ የሳይክል ክለቡ ልምምድ ይጀምራል። ልሂድ? እሄዳለሁ እንጂ። ሳቂታው እዚያ አይደል ያለው።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ሄድኩ። ሁሉም አቀፈኝ። ሳቂታውም አቀፈኝ፣ ያውም በግራ በኩል…

"ወንድሜ፣ ያላንተ እኮ ክለቡ ጨው አልነበረውም።"

ወንድሜ ይለኛል። አብሮ አደጌ ነው፣ ወደ ክለቡ ያመጣኝም እሱ ነው። ጥርሱን ሳይከድን ስለሚውል ሳቂታው ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ያኔ በፍቅር ነበር።

አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ባለፈው ዓመት፣ የመጨረሻው ውድድር፣ የወፍጮ ቤቱ ቁልቁለት። እሱ ፊት፣ እኔ ከኋላው ተለጥፌ። ንፋሱን እሱ ይሰብርልኛል፣ እኔ ግን ከጀርባውና ከጎማው በቀር የማየው የለም። ለዚህ እኮ ነው ፊት ያለው ሰው ጉድጓድ ሲያይ እጁን ዘርግቶ የሚያሳየው። ሁለተኛው ለሦስተኛው ያሳያል፣ እንዲያ እያለ እስከ ጭራው ይደርሳል። ጋሼ ልብስ ሰፊው፣ የክለቡ ታላቅ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩን ይህንን ነው። "እጅህ የኋለኛው ሰው ዓይን ነው" ይሉናል።

የሳቂታው እጅ አልወጣም። ጎማው ግን… አንድ መዳፍ ያህል ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለ። በገዛ ዓይኔ አየሁት። ከዚያ በኋላ ያየሁት ጉድጓዱንና አስፋልቱን ብቻ ነው።

ያን ቀን ከእኔ በቀር የሚያሰጋው ሰው አልነበረም። አሸነፈ። ሆስፒታል ብርቱካን ይዞልኝ መጣና፣ "አላየሁትም" አለኝ።

አላየሁትም! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

እህቴ ትከሻዬን እያሸችልኝ፣ "ይቅር አልከው?" አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሸሚዜን ስትቆልፍልኝ የነበረችው እሷ ናት፤ ልዋሻት አልፈለግኩም። 

"ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አለች።

"ማን ይጸልያል? ልምምድ ነው የምሄደው።"

በፎጣው ጀርባዬን ሾጥ አደረገችኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ዛሬ ከኋላው አሰለፉኝ። አልተለጠፍኩበትም። ግማሽ ጎማ ያህል ወደ ጎን ወጥቼ፣ መንገዱን በራሴ ዓይን እያየሁ ሄድኩ። ንፋሱ ፊቴን ሲገርፈኝ ዋለ። አሁን እግሬ የእኔ አይመስለኝም።

ውሃ ልንጠጣ ስንቆም መጣ። ጋሼም እዚያው አጠገባችን ጠርሙሳቸውን ሲሞሉ ነበር።

"ምን ሆነህ ነው ከጎን የምትሄደው? እኔ እያለሁልህ ንፋስ ይምታህ?"

"ንፋሱ ይሻለኛል" አልኩት።

ጥርሱ ተከደነ። ለአፍታ ብቻ… ግን ተከደነ። ጋሼ ቀና ብለው ሁለታችንንም አዩንና ጠርሙሳቸውን መሙላት ቀጠሉ። ይቺ አፍታ ለሳምንት ስንቅ ትሆነኛለች።

እሑድ፣ ጥር 10

የዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር። ሳቂታው ሁለተኛ ወጣ፣ እኔ ቆጣሪዎቹ ከደከሙ በኋላ ገባሁ።

መንገድ ላይ የጋሼ ጎማ ፈነዳ። ከክለቡ ልጆች አንዱ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ያለ ጥያቄ ወርዶ የራሱን ፈትቶ ሰጣቸውና ሳይክሉን በትከሻው ተሸክሞ ተመለሰ። ሲደርስ አንዱ ካልሲው የለም። የት እንደጣለው ራሱም አያውቅም። የእግረኛ መንገድ ላይ ተቀምጠን አንድ ዳቦ ለስምንት ተካፍለን ስንስቅ… ሳቂታው ከእኔ ጎን ነበር፣ እኔም እየሳቅኩ ነበር። ደርሶ ትዝ ሲለኝ አቆምኩ።

ክለቡን እወደዋለሁ። የምጠላው እሱን ብቻ ነው። ሁለቱን መለየት አያቅተኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ምንድን ነው የምፈልገው? እንዲሞት? አይ። እንዲወድቅ ነው። አጥንቱ ቀጭ ሲል ራሱ እንዲሰማው። ሸሚዙን ሰው እንዲቆልፍለት። ያኔ ብርቱካን ይዤለት እሄድና "አላየሁትም" እለዋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

የነገውን የውድድር መንገድ ብቻዬን ሄጄ አየሁት። ከድልድዩ ማዶ፣ ዛፎቹ ሥር፣ ቧንቧ የቀበሩ ሰዎች የቆፈሩትን በቅጡ ሳይደፍኑ ጥለው ሄደዋል። ጎማ የሚውጥ ጉድጓድ። ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲገቡ ዓይን ይጭበረበራል፤ ካላወቁት አይታይም። የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ።

ለአዘጋጆቹ መናገር ነበረብኝ… አልተናገርኩም።

ከሰዓት የሰልፉ ተራ ተነገረን። ነገ እንዲያሸንፍ የሚታገዘው ሳቂታው ነው። እኔ ፊት ሆኜ ንፋስ እሰብርለታለሁ፣ እሱ ከእኔ ኋላ፣ ሌሎቹ ከእሱ ኋላ። ለምኜ የማላገኘው ቦታ!

እራት ላይ እህቴ፣ "ብቻህን ምን ያስቅሃል?" አለችኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 6

ድልድዩን ተሻገርን። ፍጥነታችን ጥሩ ነበር፣ ጀርባዬ ላይ የሳቂታው ትንፋሽ ይሰማኛል። ጥላው ውስጥ ገባን። እጄን መሪው ላይ ጠበቅ አደረግኩት… ጎማዬን አንድ መዳፍ ያህል ወደ ቀኝ ፈቀቅ አደረግኩ።

እሱም ፈቀቅ አለ።

እጄን አልጠበቀም። ዓይኑ ጎማዬ ላይ ነበር። ለካ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቀኝ ነው የከረመው! የሠራውን ያውቃላ።

ከዚያ ከኋላችን ያ ድምፅ። የማውቀው ድምፅ።

ጋሼ ነበሩ። ከእሱ ኋላ ማን እንዳለ እንኳ አላሰብኩም። ይሄን ሁሉ ወር ስለ አንድ ሰው ሳስብ ሰልፍ መሆኑን ረሳሁት።

ሮጬ ደረስኩ። ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ተጣሟል። ጨርቅ የሚቆርጡበት እጅ። ዳቦ ጋጋሪው ራሳቸውን ደግፎ፣ "ፊት ማን ነበር? እንዴት እጅ አይታይም?" አለ።

"አላየሁትም" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ሳቂታው አየኝ። ረጅም አየኝ።

"እኔም አላየሁትም" አለ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ጋሼን ልጠይቅ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ የያዝኩትን ፌስታል ሳይ… ብርቱካን። ሳላስበው ነው የገዛሁት። አጥሩ ሥር አስቀምጬው ባዶ እጄን ገባሁ።

ባለቤታቸው ሸሚዛቸውን ይቆልፉላቸው ነበር። የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ጨርቅ ተሸፍኗል። የእኛ የአዲሱ ዓመት ማልያ እዚያው ጎን ተቆልሏል፣ ግማሹ እጅጌ የለውም።

"እጅ ስጠብቅ ነበር" አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። "ምናልባት እርጅና ይሆናል፣ አምልጦኝ።"

አንገቴን ደፋሁ። እርጅና አይደለም ለማለት አፌን ከፈትኩና ሻይ ጠጣሁበት።

ሰኞ፣ መጋቢት 14

ሳቂታው ሱቅ ድረስ መጣ። መስታወት እየቆረጥኩ ነበር። ባለቤቱ ወጣ እስኪል ጠበቀና ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ።

"አሁን እኩል ነን" አለኝ።

እኩል ነን! በቃ፣ አመነልኝ። ይህንን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ሌሊት ተገላብጬ አድሬያለሁ። አሁን ሰማሁት። ለማን ልናገረው? እሱን ባጋልጥ እሱም ያጋልጠኛል።

"ውጣልኝ" አልኩት።

"ወንድሜ" አለኝና ወጣ። ከበፊቱ ይልቅ ጠላሁት። መስታወቱ ጠማማ ተቆርጦብኝ ከደሞዜ ሊቆረጥ ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 23

የዓመቱ መዝጊያ ጉዞ። ውድድር የለም፣ ሁሉም ለጨዋታ ነው የመጣው። ጋሼም መጡ። እጃቸው ድኗል ይላሉ፣ መቀሱን ግን አሁን በግራ ነው የሚይዙት። ማልያውን ሌላ ሰፊ ጨርሶልናል፣ አንገቱ ያንቃል። 

ፊት አሰለፉኝ። ሳቂታው ዛሬ ከጭራው ነው፣ ራሱ ነው የመረጠው። ከእኔ ኋላ ማን ይግባ ሲባል ጋሼ፣ "እኔ አለሁ" አሉ።

መንገዱን ሁሉ እጄን ዘርግቼ ዋልኩ። ጉድጓድ አሳየሁ፣ ጠጠር አሳየሁ። ቅጠል እንኳ አሳየሁ። ዳቦ ጋጋሪው ከኋላ፣ "ኧረ ትንኝም አሳየን!" እያለ አሳቃቸው።

ስንመለስ ፀሐይ ከጀርባችን ነበረች፣ ጥላችን ፊት ለፊታችን አስፋልቱ ላይ ተዘርግቷል። የእኔ ጥላ መሐል ላይ። የጋሼ ጥላ ከእኔው ውስጥ መጥፋት ነበረበት… አልጠፋም። ከጎኔ ይሄዳል። ግማሽ ጎማ ያህል ወደ ጎን።

ንፋሱ ከፊት ነበር፣ ኃይለኛ። ሲያቃስቱ ይሰማኛል።

"ጋሼ፣ ከኋላዬ ይግቡ እንጂ፣ ንፋስ አይምታዎት።"

"ግድ የለም ልጄ" አሉኝ። "ንፋሱ ይሻለኛል።"