ሶፋውን ከበሩ ላይ አንሺው

ጀግኒት፣

ሲኒማ ሄጃለሁ። አዎ፣ ያው የሌሊቱ አስፈሪ ፊልም።
ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቂው።

በሩን ግን እባክሽ ከውስጥ አትቀርቅሪው። ባለፈው ሳምንት ፊልሙ ሳያልቅ ጥለሽኝ ሮጥሽ፤ ቀርቅረሽ፣ ሶፋውን በሩ ላይ ገትረሽ፣ እኔን እንደ ድመት ደረጃ ላይ አሳደርሽኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጥርስ ስትነቅይ እጅሽ የማይንቀጠቀጥ ሴትዮ፣ በላስቲክ ጭራቅ! ዚፑ እኮ ጀርባው ላይ ይታያል።

እሺ፣ ጭራቁ የበላቸውን ሰዎች ድምፅ ይሰርቃል። እኔ ግን "እኔ ነኝ፣ ክፈቺ" እያልኩ ስለምንሽ "ድምጿን ሰርቀህ ነው!" ይባላል? ጎረቤቱ እስካሁን ሲያየኝ ይስቃል።

"ሰው እንዴት ከፍሎ ይፈራል?" ብለሽኝ ነበር። ልጅቷ ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ አዳራሹ በሙሉ "በሩን አትክፈቺ!" ብሎ ይጮኻል። ፊልሙን በቃሉ የሚያውቀውም ይጮኻል። እሷ ሁሌም ትከፍታለች፤ እኛም ከማናውቀው ሰው ጋር ተቃቅፈን እንስቃለን። እዚህ ቤት ግን እኔና አንቺ "ቆሻሻ የመጣል ተራው ያንቺ ነው" ከመባባል ሌላ ወሬ የለንም።

ደግሞ ከሶፋው ጀርባ ሆነሽ ያልሽውን ሰምቻለሁ፤ አልሰማችም ብለሽ እንዳትጽናኚ። አብረን ስንኖር አንድም ቀን "የት አመሸሽ?" ብለሽኝ አታውቂም። ጭራቁን ግን እያለቀስሽ "ጓደኛዬን የት አደረስካት?" አልሽው።

ትኬትሽ ስኳር ጣሳው ስር ነው።