ፊሽካዬ እና የዳቦው መኪና

ጥቅምት 4
ሦስት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ከሰዓት በኋላ የተጓዦቹን ነጭ ሻርፕ ዘምዝሜ ጨረስኩ። ሰባ ሁለት። ቅዳሜ ኮረብታው ላይ ወዳለችው ማርያም በእግር ንግደት እንሄዳለን። ከሀገረ ስብከቱ አጥቢያ ሁሉ ሰው ይመጣል፤ የእኛን የምመራው ዘንድሮም እኔ ነኝ። ፊሽካዬን በሳሙና አጠብኳት። ባለቤቴ፣ "ሠራዊቱ ሊንቀሳቀስ ነው!" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ሙሉ ያለ ፊሽካ ማን ይሰለፋል?

አባ፣ "ዳቦ ጋጋሪዋን አባብያት፣ ትምጣ" አሉኝ። ዓምና ወገቤን አመመኝ ብላ የመጨረሻውን አቀበት በመኪና መጣች። በሰው ሁሉ ፊት ፊሽካ ነፍቼ፣ "እትዬ፣ ማርያምን በታክሲ ነው የምትሳለሚያት?" አልኳት። ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲህ ከእኛ ጋር መሄድ ተወች። ወገብ የሌለው ማን አለ? አላባበልኳትም።

ጥቅምት 7
ደርሰን ተመለስን። ደክሞኛል። የምጽፈው የለኝም።

ጥቅምት 8
ውሸቴን ነው። አለኝ። ከማን ነው የምደብቀው?

አዲሱ ጫማ ነው ጉድ የሠራኝ። አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሁለቱም ተረከዜ ተልጦ ካልሲዬ ደም በደም ሆነ። "እናንተ ቅደሙ፣ እኔ ወደኋላ የቀሩትን እሰበስባለሁ" አልኩ። የቀረ ሰው አልነበረም... ከእኔ በቀር። ከዓይን ሲርቁ ድንጋይ ላይ ዘጭ አልኩ። አንድ የዕቃ መኪና አልፎኝ ሄደና ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተልኝ። ገባሁ።

የዳቦ ጋጋሪዋ መኪና መሆኑ የገባኝ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ዙሪያዬን ትኩስ ዳቦ፣ ለተጓዦች የላከችው። ሹፌሩ አዲስ ነው፣ አያውቀኝም። "ተመስገን" አልኩ። ለዚህም ተመስገን ይባላል? ከኮረብታው ጀርባ ወርጄ፣ በጓሮ ዞሬ፣ ሰልፉ እስኪደርስ ተደብቄ ጠበቅኩና ከጭራው ተቀላቀልኩ። መቁጠሪያዬን እየቆጠርኩ!

አጨበጨቡልኝ። "ደካሞችን ስትሰበስብ ደሟ ፈሰሰ" ተባለ። አባ ካልሲዬን አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዳቦ ጋጋሪዋ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ ዳቦ ታድላለች። "እህቴ፣ እግርሽ እንዴት ነው?" አለችኝ። "ማርያም ታውቃለች" ብዬ አለፍኳት።

ኧረ አፈርኩ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ጥቅምት 12
አባ ልብስ ስፌት ቤቴ ድረስ መጡ። ወሬው ጳጳሱ ጋ ደርሷል። እሁድ በሀገረ ስብከቱ ጉባኤ ላይ ምስክርነት እንድሰጥ ይፈልጋሉ።
"አባ፣ እኔ ለንግግር አልሆንም..."
"ቁስልሽ ይናገራል።"
ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። "እሺ" አልኩ። ለምን? ከሄዱ በኋላ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ።

ባለቤቴ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል። የሠርጋችንን ኮት ላውንድሪ ሰጥቷል።

ጥቅምት 13
ተናዘዝኩ። መኪናውንም፣ ዓምና በእትዬ ያደረግኩትንም። "በቃ እሁድን ይሰርዙልኝ" አልኳቸው። አባ፣ "በኑዛዜ የሰማሁትን ይዤ ጳጳስ ፊት አልቆምም። አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዛሬ እህል አልቀመስኩም።

ጥቅምት 14
ዳቦ ቤት ሄድኩ። ገዢው እስኪያልቅ በር ላይ ቆምኩ።
"እትዬ፣ ያን ቅዳሜ እኔ..."
"አውቃለሁ" አለች። "ጋቢና ነበርኩ። መኪናውን ያስቆምኩትም እኔ ነኝ።"
"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"
ዱቄቱን ከእጇ አራገፈች። "በሰው ፊት መሳቂያ መሆንን እኔ አውቀዋለሁ። ለአንቺ አልመኘውም።"
ይቅርታ ማለት እንኳ አቃተኝ። እያለቀስኩ ወጣሁ።

ጥቅምት 15
አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ባለቤቴ ኮቱን ለብሶ ፊት ወንበር ላይ። ማይክሮፎኑን ያዝኩ።

ሁሉንም ተናገርኩ። የመጨረሻውን ሰባት ኪሎ ሜትር በመኪና መምጣቴን። እትዬን ለተመሳሳይ ነገር ማዋረዴን። ገመናዬን ሸፍና የያዘችው እሷ መሆኗን። "እትዬ፣ ይቅር በይኝ" አልኩ። ፊሽካዬን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ጳጳሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ባለቤቴ ጫማውን ያያል። አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል...

ከኋላ ወንበር እትዬ ተነሳች፣ ወገቧን ይዛ።
"ለመሆኑ እግርሽ ዳነ?"
"ገና ነው፣ እትዬ።"
"እንግዲያው ለከርሞ እኔና አንቺ ከሁሉም ቀድመን እንነሳለን። ቀስ እያልን።"