ለአርባው አትምጪ

ለልጄ ለያምሮት፣ ባሕር ዳር።

ከነልጅሽ እንደምን ከርመሻል? አባትሽም እኔም በቁመታችን አለን። ጤፉ ታጭዷል፤ ቡሬዋ ላምም ወልዳለች።

የትንሹን ወንድምሽን የይታገሱን መሞት ሰምተሻል፤ እንዴት እንደሞተ ግን አልነገሩሽም። የጊዮርጊስ ማኅበር የእኛ ተራ በነበረ ዕለት አክስትሽ እታለም ልጇን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። ዓይኑ ቀልቷል፤ ፊቱ ሽፍ ብሏል።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«ሙቀት ነው። የበሽታውን ስም አትጥሪ» ብላ ከይታገሱ ጋር በአንድ መደብ አስተኛችው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ይታገሱን አተኮሰው። ጤና ጣቢያ ልወስደው ስነሳ እታለም በሩ ላይ ቆማ «ኩፍኝ መርፌ አይወድም፤ ወደ ውስጥ ይገባበታል» አለች። እኔም ሞኟ ሰማኋት።

የጤና ሠራተኛዋ የመጣችው ከቀብሩ በኋላ ነው። «በትንፋሽ ይጋባል፤ የታመመው ከቤት ከወጣ በኋላ እንኳ አየሩ ላይ ይቆያል። ያልተከተበ ሕፃን አይምርም፤ ክትባቱ ደግሞ በዘጠኝ ወር ነው» ብላ ተቆጣችን። ዛሬም የጎረቤታችን የገነነ ልጆች ዓይናቸው ቀልቷል፤ «ብርድ ነው» ይላሉ።

እታለም ደግሞ «ያምሮት ለአርባው ልጇን ይዛ ትምጣ፤ አቅፈን እንሳማት» ትላለች። ማርያማዊት ገና ሰባት ወሯ ነው አይደል?

አትምጪ። «የወንድሟን ተዝካር ቀረች» ይበሉሽ፤ መልሱን እኔ እሰጣቸዋለሁ። ብትመጪ ከበር እመልስሻለሁ።

እመቤቴ በጥላዋ ትከልላችሁ። ናፍቆቱ ለእኔ ይሁን።

እናትሽ ወለተ ሐና