አርባ አራት ኪሎ መሬት

ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 19 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለብርቅዬ ወልደጊዮርጊስ
ቦንጋ

ውድ ባለቤቴ ሆይ፣ ለጤናሽ እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ኪሎሽ ደርሶኛል። ለእርቅ የላክኋቸው አጎትሽ ጋሼ መሸሻ ትናንት ከአውቶቡስ ወርደው፣ ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ደጄ ላይ ቆመው፣ "ሃምሳ ሰባት ገብታለች" አሉኝ። የሰው ሚስት ከቦንጋ ማር ትልካለች፤ የኔዋ ኪሎ ላከችልኝ። እኔም ደህና ነኝ፤ አልሞትኩልሽም።

"ምን አለች ታዲያ? ትመጣለች?" ብላቸው፣

"ልጄ፣ በሽምግልና ፀጉሬ ሸበተ" አሉኝ። "'ይመታኛል' ያለችኝ አለች፣ 'ይሰክራል' ያለችኝ አለች። ጤና ጣቢያ ወስዳኝ፣ ሚዛን ላይ ወጥታ 'ይዩት' ያለችኝ ግን ያንተዋ ናት። በአራት ወር አሥራ ሦስት ኪሎ! ምን ብዬ ልከራከር? ሚዛኑን ይቅርታ ልጠይቀው?"

አየሽ፣ ዘርሽ ሁሉ ቀልደኛ ነው። ባለጌ የሚባለው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ለዘመዶችሽ ምን ብለሽ እንዳወራሽ ስለማላውቅ፣ እኔ እንዳየሁት ልጻፈው። ጥፋቱ የመሠረተ ትምህርት መምህራችን የሰብስቤ ነው። ጢሙ ያልበቀለ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ፣ ፊደል የቆጠረን ሰው ሁሉ በቀበሌው አዳራሽ ሰብስቦ ስለ ሰማይ ሊያስተምር ምን አገባው? አንቺና እትዬ ዋጋነሽ ከፊት ተቀምጣችኋል። እኔ፣ ስድስተኛ ክፍል የደረስኩት ሊቅ፣ ለመሳቅ ያህል ከኋላ ነኝ። ሰብስቤ ትልቅ ክብና ትንሽ ክብ ሣለና፣ "የመሬት ወርድ አራት ጨረቃ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው" አለ።

"ስለዚህ አራት ጨረቃ አንድ መሬት ይወጣዋል" አልኩ።

"አይወጣውም። ጎን ለጎን ብትደረድራቸው ነው አራት። ክብ ነገር በሁሉም በኩል ነው የሚያድገው። መሬት ባዶ እንስራ ብትሆን ወደ ሃምሳ ጨረቃ ይገባባታል።"

"በስመአብ!" አሉ እትዬ ዋጋነሽ።

"በክብደት ከሆነ ደግሞ ሰማንያ አንድ ጨረቃ ናት።"

"ቆይ፣ ቆይ። ሃምሳ ካልክ በኋላ ሰማንያ አንዱን ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

"መሬት ሆዷ ውስጥ ብዙ ብረት አለ። የጨረቃ ብረት ጥቂት ነው። ስለዚህ ጨረቃ ከምትታየው በላይ ቀላል ናት።"

"ወዲያ! ጨረቃን ማን መዘናት?" አሉ እትዬ ዋጋነሽ። "የኅብረት ሱቁ ሽኩር ነው እንዳትለኝ ብቻ። እሱ ስኳሩንም በትክክል አልመዘነልን።"

ያኔ ነው እጅሽን ይዤ መሐል ያቆምኩሽ። ማንን ላቁም ታዲያ? ኮልፌ ውስጥ ካንቺ የሰፋ አላየሁም። ትከሻሽ በር ይዘጋል። የእናትሽን ቀሚስ በቀሚስሽ ላይ ደርበሽ፣ በዚያ ላይ ጋቢ፤ መሬት ራሷ ትምህርት ልትማር የመጣች ትመስዪ ነበር። እኔ ጨረቃ ሆኜ፣ አጎንብሼ ዞርኩሽ። "ጥሩሰው፣ አንድ ዙር አንድ ወር ነው፣ ቀስ በል!" እያሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንቺም በጋቢሽ ጫፍ አፍሽን ሸፍነሽ ስቀሻል። አትካጂ።

ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ እግሬ አይቆምም። "ወደ ሚዛን!" አልኩ። ተግተልትለን አጠገብ ወዳለው ኅብረት ሱቅ ገባን፤ ሽኩር ኩንታል የሚመዝንበትን ጠራርጎ አዘጋጀልን። መጀመሪያ እኔ ወጣሁ፤ ሃምሳ ሁለት። "አሁን የመሬት ተራ ነው! ሚዛኑ ቢሰበር ቀበሌ እኔን እንዳይጠይቅ!" አልኩ። አንቺ ጫማሽን አወለቅሽ፤ ማን አውልቂ አለሽ? ጋቢሽንም አስቀምጪው ተባልሽ፣ አስቀመጥሽው።

ሽኩር ብረቱን ከሰማንያ ጀመረ። ወደ ኋላ ገፋው። ደግሞ ገፋው። "ይሄ ነገር ተበላሽቷል" ብሎ አንቺን አውርዶ እኔን አወጣኝ፤ ያው ሃምሳ ሁለት። እንደገና አንቺን። "አርባ አራት" አለ። የሰው ሚስት ራቁቷን ያየ ይመስል አንገቱን ደፋ።

ሁሉም ጸጥ አለ። ጸጥታ እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ያሳክከኛል። "ይቺ መሬት እንኳን ብረት ድርቆሽም የላት!" አልኩ። "እኛ ፍራሽ ቤት ሳንሞላ አንሰፋም፤ ይቺን ማነው ባዶዋን የሰፋት?"

ሁለት ሰው ሳቀ። ሁለት ብቻ። አንቺ ጫማሽን አጠለቅሽና፣ ጋቢሽን እዚያው ትተሽ ወጣሽ። ወደ ቤት የሄድሽ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወደ አውቶቡስ ተራ ኖሯል።

በነጋታው እትዬ ዋጋነሽ የቤቴን በር በጡጫ ደበደቡት።

"አንተ በላተኛ!"

"እንደምን አደሩ፣ እትዬ ዋጋነሽ።"

"ለሁለት ሰው በኮታ የተሰጠ ጤፍ ላይ የፍራሽ ቤት ጓደኞችህን እየጎተትክ ትመጣለህ። እሷ ምን ትበላ ነበር?"

"'በልቻለሁ' ትለኝ ነበር።"

"አንተም አመንክ!"

"ሚስትን ማመን ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?"

"ደጄ መጥታ 'ትንሽ ሽሮ አለዎት?' ትለኝ ነበር። ለራሷ መስሎኝ ስሰፍርላት፣ ለካ ላንተ መንጋ ኖሯል!"

"ሽሮው ግን ግሩም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። ጫማቸውን ወረወሩብኝ።

እኔ የማይገባኝ ግን ያንቺ ዝምታ ነው። "እርቦኛል" ማለት ምን ይከብዳል? እኔ በቀን ስንቴ እለዋለሁ። ያን ሁሉ ቀሚስ ደራርበሽ እኔን ከምታሳስቺ፣ አንድ ቀን ሰሃኑን ከፊቴ ብትነጥቂኝ ምናለበት? እስቅብሽ ነበር፤ አንቺ ግን ትጠግቢ ነበር።

አሁን የፍራሽ ቤቱ ደሜም ሌሎቹም አይመጡም። ወጥ ከሌለበት ቀልዴ አይጥምም መሰለኝ። ባለፈው እሑድ ራሴ ሽሮ ሠርቼ ለድመቷ ብሰጣት፣ በማግስቱ ወደ ጎረቤት ተዛወረች። ጋቢሽን እኔ ነኝ የምለብሰው፤ ሰው ሲያየኝ "ወፈርክ" ይለኛል።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የፍቺ ጥያቄሽን የያዙት የቤተዘመድ ዳኞች ለሰኔ ሚካኤል ማግስት ቀጥረውናል። ጋሼ መሸሻ እንደነገሩኝ፣ እኔ "አልለቃትም" ካልኩ "ለእርቅ" እየተባለ ነገሩ ይጓተታል፤ አንቺም በየቀጠሮው ከቦንጋ በአውቶቡስ እየተንገላታሽ ትመጫለሽ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ምን እዋሽሻለሁ? ምናልባት ዓመት ሙሉ በየወሩ ላይሽ ነው ብዬ በልቤ ዳንኪራ መታሁ። ጋሼ መሸሻ ከእግር እስከ ራሴ ያዩኛል።

"ምን ያዩኛል?" አልኳቸው።

"ስንት ኪሎ ልታስቀንሳት እንዳሰብክ እየገመትኩ ነው" አሉኝ።

እሺ። ዳኞቹ ፊት "ትሂድ" እላለሁ። ቤቱ የቀበሌ ነው፣ የምንካፈለው የለም። ፍራሹን ውሰጂው፤ በገዛ እጄ ጥጥ ሞልቼዋለሁ፣ ድርቆሽ የለውም።

ይህ ቀልድ አይደለም። አውቃለሁ፤ በሠርጋችን ዕለት እንኳ "ሐሳቤን ቀየርኩ" ብዬ ሚዜዎቹን ያስጮህኩ ሰው ነኝ፤ አንቺም አታምኚኝም። ስለዚህ ደብዳቤውን እስከዚህ ድረስ እማኞች ፊት አነበብኩት፤ ከታች ይፈርማሉ።

ብቻ ለቀጠሮው ወኪል ከምትልኪ ራስሽ ብትመጪስ? ሃምሳ ሰባት ኪሎ የሆነች ብርቅዬን አይቼ አላውቅም። በሩ ላይ ቆም በይልኝና ልይሽ፤ ከዚያ ሂጂ። አልስቅም። እሺ፣ ትንሽ እስቃለሁ።

የሰማዩ ጌታ ገበታሽን አያጉድልብሽ። "በልቻለሁ" ከሚያሰኝ ሰውም ይሰውርሽ።

እስከ ሰኔ ሚካኤል ባልሽ
ጥሩሰው ይገዙ

እማኞች፦

ሲነበብ ሰምቻለሁ። ቀልድ አይደለም።
ሰብስቤ

ልጄ ብርቅዬ ይህን የጻፍኩት እኔ ዋጋነሽ በገዛ እጄ ነው። የመጨረሻውን ሳያነብልኝ ሊያስፈርመኝ ነበር እኔ ግን ራሴ አነበብኩት። ይለቅሻል እውነቱን ነው። ወኪል ላኪ። አትምጪ።