ከሠርጋቸው በፊት የዘመቱት ተጠባባቂ፦ የአቶ ሀብተ ወልድ ማሙሸት የሕይወት ታሪክ

አቶ ሀብተ ወልድ ማሙሸት ከአባታቸው ከአቶ ማሙሸት ቃሊ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻሽወርቅ ፍቃዱ በጥቅምት 1962 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚያው አካባቢ ተማሩ፤ ከትምህርት መልስ ጭድ ተራ በነበረው የአባታቸው የጆንያና የሲባጎ ሱቅ ይውሉ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርተው በመኪና መካኒክነት አገለገሉ። ተሰናብተው ሲመለሱ ሱቁን ቢረከቡም፣ ራሳቸውን ዘወትር እንደ ተጠባባቂ ወታደር ይቆጥሩ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቁት ከወይዘሪት ባይነሽ ጋር ሠርጋቸውን ለጥር 16 ቀን 1991 ዓ.ም. ቆርጠው ሳለ፣ በታኅሣሥ ለቀድሞ ወታደሮች የዘመቻ ጥሪ መጣ። ጊዜው የነቢያት ጾም ስለነበር ሠርጉን ማስቀደም አልተቻለም። እጮኛቸውን በቃል አስረው መሄዱ ስለከበዳቸው፣ የሱቅ ጎረቤታቸውን አቶ ባህረዲንን ሽማግሌ አድርገው ላኩ፤ መልእክቱም ልጅቷ ከቃሏ ነፃ ናት የሚል ነበር። አባቷ፣ “ሽማግሌ ሊለምን እንጂ ሊመልስ ሲመጣ ገና ዛሬ አየሁ” ብለው ሳቁ። ወይዘሪት ባይነሽም ከጓዳ ወጥተው፣ “ጋሼ ባህረዲን፣ ቀኑን ቀይሩት፤ ሰውየውን አትቀይሩብኝ” አሉ።

አቶ ባህረዲን ከራሳቸው ሱቅ አስቀድመው የዘማቹን ሱቅ እየከፈቱ ከሁለት ዓመት በላይ አቆዩላቸው። አቶ ሀብተ ወልድ በ1993 ዓ.ም. በሰላም ሲመለሱ፣ አቶ ባህረዲን “አንተ ጦርነቱን በካቻቢቴ ጨርሰህ መጣህ” እያሉ ያበሽቋቸው ነበር። እርሳቸውም፣ “ካሚዮኑ ካልተነሳ ጀግናው በእግሩ ሊሄድ ነው?” ይሏቸው ነበር። ተጠባባቂ ምን እንደሆነ ለጠየቃቸው ግን ቀልዱን ትተው፣ ወደፊት የሚሄደው ከኋላው ባለው ሰው ተማምኖ መሆኑን ያስረዱ ነበር።

ሚያዝያ 21 ቀን 1993 ዓ.ም. ጋብቻቸውን በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ፈጸሙ። ከዘመቻው በፊት የተሰፋው የሙሽራ ሱፍ ሰፍቷቸው በቀበቶ ተሰብስቦ፣ ጭድ ተራም ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቶ ሲጨፍር ዋለ። በትዳራቸው ሁለት ልጆች፣ ጸሎትንና ቅዱስን አፍርተዋል።

አቶ ሀብተ ወልድ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም አንድ ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለቱን ልጆቻቸውንና ከወንድም የማይለዩትን አቶ ባህረዲንን ተለይተዋቸዋል። ሁለት ዓመት የተጠበቁት ሰው ሃያ አራት ዓመት በሳቅ አኑረውናል፤ ጥበቃውም ምንም አልበዛም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በቀደሙት ወላጆቻቸው መካከል ያሳርፍልን።