«ሜሞሪው ጠቧል» ሲሉኝ ያጠፋሁት

እታለም፣ አንድ ፋይል እስኪከፈት ተቀምጠሽ «ይሄ ላፕቶፕ ምን ነክቶት ነው?» ብለሽ ታውቂ የለ? እኔ ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ስል ከርሜያለሁ። አስቀድሜ ግን፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ የማታውን ፈረቃ ተገላገለ? ትንሿ ትምህርት ቤቱን ለመደችው? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ «ሥራ አገኘህ?» ማለቷን ብቻ አልተወችም።

ያ የነገርኩሽ የሕንፃ ፕላን ቢሮ የሙከራ ሥራ ሰጥቶኛል። ባለ ሦስት ፎቅ ፕላን ሐሙስ እስከ ስድስት ሰዓት ካስረከብኩና ከወደዱት ይቀጥሩኛል። ከተመረቅኩ ወዲህ ግባ ያለኝ በር ይሄ ብቻ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ አንቺ ያወረስሽኝ ላፕቶፕ መንቀራፈፍ ጀመረ። አንድ መስመር አስምሬ፣ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ መስመሩ ገና በመንገድ ላይ ነው።

ሰፈሩ «ዶክተር» ለሚለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ብደውል «ሜሞሪው ጠቧል» አለኝ። እኔ ደግሞ ሜሞሪ ሲባል የማውቀው ፎቶና ዘፈን የሚጫንበትን ነው። ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ከባድ ከባዱን ማጥፋት ያዝኩ። «ቆመች»፣ «ተራመደች»፣ «እማ አለች» የሚሉ ቪዲዮዎች ነበሩ። ፊልም መስለውኝ አጠፋኋቸው፤ መጣያውንም ጠርጌ ባዶ አደረግኩት። ላፕቶፑ ግን ያው ነው።

ዛሬ ጠዋት ተሸክሜው ብሄድ ዶክተር ሳቀብኝ። «አንተ ምሩቅ፣ የጠበበው ጠረጴዛው ነው፤ አንተ ያራገፍከው ቁምሳጥኑን» አለኝ። ሥራ የሚዘረጋበት ሜሞሪ ሌላ፣ ዕቃ የሚቀመጥበት ሌላ ኖሯል። ያለው አራት ጊጋ ነው፤ ፕላኑ ብቻውን ይሞላዋል። ስምንት ቢጨመርበት እንደሚፈታ ነገረኝና ለመጨመር ተስማማን። ክዳኑን ሊፈታ ሲል ያጠፋኋቸውን «ፊልሞች» ስም ጠራሁለት። ሳቁን ተወ። «የማን ልጅ ናት?» አለኝ።

እታለም፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ላፕቶፑ ላይ አዲስ ነገር ካልተጻፈበት ዶክተር ፈልጎ ሊያወጣቸው ይችል ይሆናል፤ ፍለጋው ግን እስከ ዓርብ ይፈጃል። ፕላኑን ከቀጠልኩበት በላያቸው ላይ እየተጻፈ ይሄዳል፣ አበቃ። ሌላ ኮምፒውተር እንዳልለምን ጓደኞቼም ለዚያው ቦታ እየተፈተኑ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ ተዘግቶ ጭኔ ላይ ነው፤ ይህንንም በእጄ ጽፌ በስልኬ ፎቶ አንስቼ የምልክልሽ ለዚህ ነው። ያልደወልኩት ድምፄን ከሰማሽ እንደምትራሪልኝ ስለማውቅ ነው።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትንሿን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ጥፋቴን ለሷ አትንገሪያት። እማዬ ሁላችሁንም ስማችኋለች።

እነዚያ ቪዲዮዎች ሌላ ቦታ አሉሽ ወይ? ነገ ጠዋት ሳይረፍድ ጻፊልኝ። ሥራው እንዳያመልጠኝ ብለሽ የሌለሽን «አለኝ» እንዳትዪኝ። ከሌለሽ «የለኝም» ብቻ በይ፤ ላፕቶፑን ለዶክተር ሰጥቼ ቢሮው ድረስ በእግሬ ሄጄ ቀን እንዲጨምሩልኝ እለምናለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከጥገና ሱቁ ደጃፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ረፋድ