ሙዚየም ውስጥ ስለ መቀመጥ፣ ለክቡር ሊቀመንበራችን

ለክቡር አቶ አብዱልጀባር፣
የሐይቅና አካባቢው የሥዕል ጎብኚዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ባሉበት ወንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ቀጥሎ ለቤተሰብዎ፣ ከዚያም ለውጡ በመጣ ጊዜ የኮሚቴው ስም ሲቀየር እንኳ ቅር ሳይለው እርስዎን ተሸክሞ ለቀጠለው ወንበርዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ግን ልቤን የከበደውን አንድ ጥፋት በአደባባይ እንዳምን ይፈቀድልኝ። ኮሚቴዎ ባዘጋጀው የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ጉዞ፣ የሥዕል ሙዚየሙ ውስጥ አንድ ባዶ ግድግዳ ፊት ቆሜ፣ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ፣ ይህ ሥራ የጦርነቱን ባዶነት እንደሚያሳይ ለክፍል ጓደኛዬ ለኑርሀያት ያብራራሁት እኔ ነኝ። ግድግዳው ላይ የቀረው ምስማር ተስፋ መሆኑንም ጨምሬያለሁ። እርስዎ ከኋላዬ ቆመው በአድናቆት ራስዎን ሲነቀንቁ ነበር። ጉብኝቱን የመሩት የሙዚየሙ ሥዕሎች ኃላፊ (ኩሬተር) ወይዘሪት ስህን ቀረብ ብለው፣ ሥዕሉ ለጥገና መነሣቱን በጆሮዬ የነገሩኝ እርስዎ ወደሚቀጥለው ክፍል ካለፉ በኋላ ነው። ለሁለተኛው ጉዞ በወጣው ዝርዝር ላይ «የላቀ የሥነ ጥበብ ግንዛቤ ያላት ወጣት» ተብዬ ከሁሉ በላይ መጻፌ የዚያ ምስማር ውለታ መሆኑን ስለማውቅ፣ ከልብ አመሰግናለሁ።

ምስጋናዬን በዚህ ካደረስሁ ዘንዳ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ጫማ። ሽማግሌዎቻችን የሙዚየሙ ወለል እንደዚያ ሲያብረቀርቅ ባዩ ጊዜ፣ ማንም ሳያዛቸው በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። አያቴ ሸህ ሀሚዱ እንደ መስጊድ፣ መርጌታ አስረስ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቆጥረውት፣ ከሐይቅ ጀምሮ በየኬላው ዱዓውን ማን ያሳርግ እያሉ ሲከራከሩ የመጡት ሁለቱ አዛውንት እዚህ ላይ ያለ አንዳች ክርክር ተስማሙ። እርስዎ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሮጡ አገር እንዳያዋርዱ ሲለምኗቸው፣ እኔ ጥግ ይዤ እስቅ ነበር። ከዚያ የጥበቃው ዓይን እኔ ላይ ሲያርፍ ደንግጬ እኔም አወለቅሁ፤ በካልሲዬም ቀዳዳ አውራ ጣቴ ብቅ ብላ ከዘመናዊ ሥነ ጥበብ ጋር ተዋወቀች። ስለዚህ በጫማ ጉዳይ ብዙ የመናገር መብት የለኝም።

ሁለተኛ፤ ስለ መቀመጥ። በመጨረሻው ክፍል ውስጥ ያለውን ትልቅ ሥዕል እንደማይረሱት ተስፋ አደርጋለሁ። ጥቁር የለበሱ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ መካከላቸው ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ምንጣፉ ላይ ማንም የለም። ወይዘሪት ስህን ስለ ጥቁሩ ቀለም ማስረዳት እንደጀመሩ አያቴ እጃቸውን በትሕትና አንሥተው አስቆሟቸውና፣ ለቅሶ ቤት ሲገባ ወሬ እንደማይቀድም ነገሯቸው። ከዚያም ወለሉ ላይ ተቀመጡ። መርጌታ አስረስም አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እርስዎ ላብዎን እየጠረጉ፣ «ተነሡ እንጂ፤ ሥዕል እኮ ነው» አሏቸው። አያቴ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ሥዕል መሆኑን መች አጣነው፣ አብዱልጀባር። ቆሞ ለቅሶ የሚደርስ ግን አላየንም» ብለው መለሱልዎ።

እኔ ይህን ሁሉ ሻርፔን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ በስልኬ እቀርፅ ነበር፤ ቲክቶክ ላይ ስለቀው የማገኘውን ተመልካች በልቤ እየገመትሁ። መርጌታ በሥዕሉ ላይ ያለችውን ሴት ልክ እንደ እኛ እስላሞቹ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ሲሏት ሳቄ አመለጠኝ። ቀጥሎ ግን አያቴ የታናሽ ወንድማቸውን ስም ጠሩ። ከተማችን ተይዛ በነበረች ጊዜ የሞቱብንን በችኮላ እንደቀበርን፣ ድንኳን እንዳልተተከለ፣ ለቅሶ የሚደርስም እንዳልነበረ እርስዎም ያውቃሉ። አንዱ ስም ሲጠራ ሌላው ተከተለ። ወይዘሪት ስህን ማብራሪያቸውን ትተው አብረው ተቀመጡ። ቪዲዮው ላይ መጀመሪያ የእኔ ሳቅ ይሰማል፤ ከዚያ የአፍንጫዬ ድምፅ። ለማንም አላሳየሁትም፤ ዝና ከነጭራሹ ለእኔ እንዳልተጻፈ የተረዳሁትም ያን ቀን ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ማስታወቂያዎ። ከጉዞው እንደተመለስን በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ ከእንግዲህ በጉብኝት ላይ ጫማ ማውለቅ፣ መሬት መቀመጥና በኅብረት ዱዓ ማድረግ ክልክል መሆኑን፣ ለሁለተኛው ጉዞ የሚመዘገብም ሁሉ እርስዎ ዘንድ ቀርቦ የቃል ፈተና እንደሚወስድ ይገልጻል። ለጥበብ ስላለዎት ቅናት አደንቅዎታለሁ። ፈተናውን ከወደቁት አንዷ ጎረቤቴ እትዬ መስኡዳ ናቸው። ሥዕል ማየት ለምን እንደፈለጉ ሲጠይቋቸው፣ «ልቀመጥ ነው» ብለው መለሱ። እርስዎም ስማቸውን ሰረዙ።

የእትዬ መስኡዳ ልጅ ሀምዳን ባጃጅ ነጂ ነበር። በዚያ ክፉ ወቅት ሰው አሳፍሮ ወደ ውጫሌ እንደሄደ አልተመለሰም፤ ባጃጁም አልተመለሰችም። ሞቷል ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። ለቅሶ እንድረስ ብንል ልጃቸውን በአፋችን መግደል ይሆንብናል፤ ዝም ብንል ደግሞ ሀዘናቸውን መካድ። አገሩ ሁሉ በዚህ ተጨንቆ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል። ከሁሉ የባስሁት እኔ ነኝ፦ ከምስማር ጋር ሳወራ ያላጣሁትን ቃል ለእርሳቸው አጥቼ፣ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ካልደወለልኝ ሰው ጋር እያወራሁ አልፋቸዋለሁ። አያቴ ስለ ሥዕሉ በነገሯቸው ጊዜ ግን ሀምዳን ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኛ በር መጡና፣ «እኔንም ውሰዱኝ። እነዚያ ሴቶች ሳያዩኝ አጠገባቸው ልቀመጥ» አሉ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የእኔን የላቀ ግንዛቤ ከዝርዝሩ ላይ ሰርዘው፣ በቦታው እትዬ መስኡዳን ይጻፉልኝ። ጥበብ ብዙም አይጎዳም። መቀመጫቸውንም ከአያቴ አጠገብ ቢያደርጉልኝ፣ አያቴ እስከ ደብረ ብርሃን ስለሚያንኮራፉ፣ ሌላው መንገደኛ ሁሉ ያመሰግንዎታል።

ታላላቆቼን ማክበር ሳላውቅ እንዳደግሁ እርስዎ ደጋግመው ለአባቴ ስለነገሩት፣ ይህንን ለማስተባበል ከአንገቴ ጎንበስ፣ ከወገቤም ትንሽ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ኢልሀም፣
የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐይቅ

የዘነጋሁት፦ ወይዘሪት ስህን ትናንት ለአያቴ ደውለው፣ የሙዚየሙ ሰዎች ከእኛ ጉዞ ወዲህ ሥዕሉ ፊት ለፊት እውነተኛ ምንጣፍ እንዳነጠፉና፣ ሌሎች ጎብኚዎችም እየመጡ እንደሚቀመጡበት ነግረዋቸዋል። ሙዚየሙ የፈቀደውን መቀመጥ የሚከለክል እንግዲህ እርስዎ ብቻ ቀርተዋል፤ ያውም ተቀምጠው። ይህንን ደብዳቤ ከማስታወቂያዎ አጠገብ ለመለጠፍ ሙጫው ተዘጋጅቷል፤ የቀረኝ የእትዬ መስኡዳን ፈቃድ መጠየቅ ነው፤ እርሱን ደግሞ በምን ቃል እንደምጀምረው ስላላወቅሁ፣ ደጃችን ላይ ቁጭ ብዬ ይኸው…

በአጥሩ በኩል እትዬ መስኡዳ ራሳቸው ጠሩኝ፦ «ኢልሀም። አንቺ ልጅ፣ ማን ሞቶብሽ ነው እንዲህ ያቀረቀርሽው?»